ሞልቶ ያደረው ብልቃጥ

ዓብይ ሲጋራ እንደሚያጨስ የሚያውቁት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ እግዚአብሔር፣ ወልዳይ፣ እና ኦስሎ፣ ቢየርቪካ ወደብ ዳር በአንድ እግሯ የምትቆም አንዲት የባሕር ወፍ። እግዚአብሔር ታጋሽ ነው። ወልዳይ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ያውም አፈ ቆላፊ። ወፏን ግን ዓብይ አያምናትም ነበር። ቁራጩን በጣለ ቁጥር ተንደርድራ መጥታ ታነሳና አንገቷን ሰበር አድርጋ ታየዋለች፤ ቤቱ ግሮሩድ ድረስ በርራ ለሚስቱ የምትነግርበት ይመስል።

ፍርሃቱ እንዲሁ የመጣ አልነበረም። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ሠርጋቸው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሄርሜላ ከጃኬቱ ኪስ ፓኬት አገኘች። አልጮኸችም። ፓኬቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «ወይ እሱን፣ ወይ እኔን» አለችው። ዓብይም በቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ፊት ቆሞ፣ «ከእንግዲህ ከአፌ ጭስ ቢወጣ ገብርኤል ይፍረድብኝ» ብሎ ማለ። መሐላው አሥራ አንድ ቀን ቆየ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከቢሮው ጀርባ አንዷን ለኮሰ፤ ከዚያ ወዲህ መብረቅ በጮኸ ቁጥር ለሱ የተላከ ይመስለዋል። ኦስሎ መብረቅ እንደ አገር ቤት የማይበዛባት መሆኗን እንደ ልዩ ምሕረት ነበር የሚቆጥረው።

ያም ሆኖ ኃጢአቱ ሥርዓት ነበረው። ቢየርቪካ ከሚገኙት የመስታወት ሕንፃዎች በአንዱ ቢሮ ያጸዳል። እዚያው ያጨሳል፤ እጁን በወለል ሳሙና ይታጠባል፤ ሁለት ማስቲካ ያኝካል፤ ሜትሮ ተሳፍሮ ግሮሩድ ሲደርስ የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነው። ሄርሜላ በአረጋውያን መኖሪያ ረዳት ነርስ ናት፤ እሷም የምትሸተው ሳሙና ነው። ሁለት ሳሙናዎች ተጋብተው ልጅ ወልደው በሰላም ይኖሩ ነበር፤ የሄርሜላ እናት እማማ የዓለምወርቅ ከደሴ እስኪመጡ ድረስ።

እማማ የዓለምወርቅ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጉልበታቸው ደክሟል፤ እግዚአብሔር ከሁለቱ የቀነሰውን ሁሉ አፍንጫቸው ላይ ጨምሮላቸዋል። ከሊፍቱ ሳይወጡ የትኛው ፎቅ ላይ ሽንኩርት እንዳረረ ያውቃሉ። በመጡ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓብይ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ በር ላይ ቆመው አሸተቱት።

«ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትውለው?»

«ምነው እማማ?»

«ካፖርትህ አርዮስ አርዮስ ይላል።»

ዓብይ ማስቲካውን ዋጠ። ሴትየዋ ምን ማለታቸው እንደሆነ ያውቃል፤ ሕፃን ሆኖ ከየኔታ ሰምቶታል። ትምባሆ መናፍቁ አርዮስ ከተቀበረ በኋላ ከሆዱ ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ይባላል።

«ፌርማታ ላይ የሚያጨሱ አሉ፤ ከነሱ ነው» አለ።

«እንግዲያው ራቅ ብለህ ቁም» አሉና ካፖርቱን ገፈው በረንዳ ላይ ሰቀሉት። ኅዳር ነበር። ካፖርቱ ሦስት ቀን እንደ ተከሳሽ ውጭ ሲወዛወዝ፣ ባለቤቱ በሹራብ ሥራ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ጥርሱ እየተንገጫገጨ ወደ ወልዳይ መጣ።

ወልዳይ ስልሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ኤርትራዊ ነው። ያንን ሕንፃ ሲያጸዳ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ሲጋራን ከተወና ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ከያዘ ደግሞ አራት። ስለዚህ ጉዳይ ሲናገር ድምፁ እንደ ሐኪም ይወርዳል።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ሚስት ስትመርጥ ያልተጠነቀቅኸውን ያህል እዚህ ተጠንቀቅ» አለ በዕረፍት ሰዓት። ከሕንፃው ጀርባ፣ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ መሐረቡን ዘርግቶ ሦስት ዕቃ ደረደረ። «አንድ ጊዜ ተስቦ የሚጣለውን አልመክርህም። ለዕለት ዕለት የሚሆንህ የሚሞላው ነው። ሲያልቅ ትሞላለህ፣ ሲያልቅ ትሞላለህ። እንካ፣ በዚህ ጀምር። ይሄ በሬው ነው።»

በሬው የጡብ ቁራጭ ያህላል። ባትሪው ሁለት ቀን ይሄዳል፤ ሆዱ ብዙ ፈሳሽ ይይዛል። ዓብይ አንዴ ሳበውና አስወጣ። ከአፉ የወጣው ደመና ወፏን ሸፈናት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጥበቃው ወንበሩን ለቆ ወደ መስታወቱ ቀረበ። ዓብይ በሁለት እጁ አየሩን ይበትን ጀመር፤ ደመናው ግን ቀስ እያለ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ ወደ ኦፔራ ቤቱ አቅጣጫ ሄደ።

«ጋሼ፣ ውሰደው! እባክህ ውሰደው! ይሄ የሮም ጳጳስ መምረጫ ጭስ ነው እንዴ!»

«እሺ፣ ሁለተኛው» አለ ወልዳይ እየሳቀ። «እስክሪብቶው። መልከ መልካም ነው፤ ግን ያፈስሳል። ለመሙላት ታቹን መፍታት አለብህ። እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግማሹን ሱሪህ ነው የሚጠጣው። እጅህን አሳየኝ እስቲ?» ዓብይ እጁን ዘረጋ። ወልዳይ አየና እስክሪብቶውን ወደ መሐረቡ መለሰ።

ሦስተኛዋ የአውራ ጣት ያህል ነበረች። ጥቁር፣ ድምፅ የሌላት፣ ጎኗ ላይ ፈሳሽ የሚጨመርባት በላስቲክ የተደፈነች ቀዳዳ ያላት። ወልዳይ እንዳትጠፋበት ወገቧ ላይ በሚስማር «ወ» ብሎ ጭሮባታል።

«ጭሷስ?» አለ ዓብይ።

«ይህች? ሰው በብርድ ሲተነፍስ የሚወጣው ይበልጣል። ሽታዋም እንደምትሞላት ነው። ግን ጠጪ ናት፤ በየቀኑ መሙላት ይኖርብሃል። ባትሪዋም እስከ ምሳ ነው። ከሰዓት በኋላ አትፈልጋት።»

«ይህችን።»

«ሌሎቹን እንደገና አትሞክርም?»

«ይህችን አልኩ።»

ወልዳይ ራሱን ነቀነቀ። «ሌላው ሰው ቬፕ ሲመርጥ ጣዕም ያያል፣ ባትሪ ያያል። አንተ ያየኸው አማትህን ነው።» ከዚያ ከቦርሳው አንዲት ጠርሙስ አወጣ። የእህቱ ልጅ ትምኒት ከስዊድን ያመጣችለት ፈሳሽ ነው፤ ማንጎና ናና፣ ጠንካራው ዓይነት። ጠርሙሷ ላይ በቀይ ክፈፍ ውስጥ የራስ ቅል ተሥሏል። ወልዳይ መሳቁን ተወ። «ስማኝ። ልጅ አለችህ። ይሄ እንደ ከረሜላ ይሸታል እንጂ ከረሜላ አይደለም። አንዲት የሻይ ማንኪያ ሕፃን ትገድላለች። ከፍ አድርገህ፣ ቆልፈህ።»

ዓብይ ጠርሙሷን ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎ ግሮሩድ እስኪደርስ በእጁ እንደ ቁስል ሸፈናት። ቤት ሲገባ ግን መቆለፊያ ያለው ምንም ዕቃ እንደሌለው ትዝ አለው። መታጠቢያ ቤቱን እማማ በየቀኑ ይፈትጋሉ። የጫማ ሣጥኑን ያራግፋሉ። የአራት ዓመቷ ልጁ ናታሊ ደግሞ ራስ ቅል ያለበትን ነገር ሁሉ የባሕር ወንበዴ ነው ብላ ትወስዳለች። ሁለት ቀን ጠርሙሷን በካልሲው ይዟት ሠራ፤ ሁለት ሌሊት ከፍራሹ ሥር አድርጎ ሳይተኛ አደረ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ለሥራ ሲነሳ፣ ዓይኑ የሥዕሉ መደርደሪያ ላይ ወደቀ። እዚያ፣ ከሻማዎቹ ጀርባ፣ እማማ ከቁልቢ ያመጡት የቅባ ቅዱስ ብልቃጥ ነበር። ቅባቱ ካለቀ ሳምንት አልፎታል። ብልቃጡ ላይ ግን ክንፉን የዘረጋ ቅዱስ ገብርኤል ተለጥፎበታልና ማን ደፍሮ ቆሻሻ ውስጥ ይጥለዋል? እማማ ምን እንደሚያደርጉት ቄሱን ጠይቀው መልስ እስኪመጣ ነበር የተቀመጠው። ባዶ ብልቃጥ ማን ያነሳል? ያውም ከፍ ያለ ቦታ። ያውም የልጅ እጅ የማይደርስበት።

ዓብይ ይህን ያሰበውን ራሱን ሊያመሰግነው ምንም አልቀረውም። ባዶውን አጥቦ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ፈሳሹን ገለበጠበት። እጁ ስለተንቀጠቀጠ ጥቂት ጠብታ ገብርኤል እግር ላይ ፈሰሰ። በእጅጌው ጠረገው። «ለጊዜው ነው» አለው በሹክሹክታ፤ «አንተም ታውቃለህ፣ ለጊዜው ነው።» ባለ ራስ ቅሏን ጠርሙስ ቢየርቪካ ወስዶ ጣላት።

እሑድ የቤቱ የጽዋ ተራ ነበር። ማኅበርተኞቹ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ እነሱ ቤት ነው የሚመጡት። ወንበር ስላነሰ ሄርሜላ ዓብይን ከአንድ ወዳጃቸው ቤት ወንበር እንዲያመጣ ጎረቤት ሰፈር ቫይትቬት ላከችው። በመንገድ ላይ ጥቁሯን ዕቃ ሁለት ሦስቴ ሳባት፤ ሻይ እንደጠጣ ሰው ልቡ ሞቀ። ካልሲው ውስጥ መለሳት። አራት ታጣፊ ወንበር ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ፣ ከቤቱ እልልታ ሰማ።

ቆመ። የጽዋ እልልታ አልነበረም፤ ጽዋው ገና አልተነሳም። በሩን በትከሻው ገፋው። የማንጎ ሽታ ፊቱን መታው።

ሳሎኑ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበር፤ የአሥራ አንዱም ግንባር ያብረቀርቃል።

«ዓብዬ!» ሄርሜላ ሮጣ መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ዓይኗ በእንባ ሞልቷል። የሷም ግንባር ወዝቷል። «ተአምር ሆነልን! እማዬ ንገሪው!»

እማማ የዓለምወርቅ መሀል ሳሎን ቆመው ብልቃጡን በነጠላቸው ጫፍ ይዘውታል። «አቧራ ልጠርግ ባነሳው ከበደኝ» አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። «በዓይኔ ያለቀ ቅባት ነው ልጄ። በዚህ እጄ የመጨረሻውን ጠብታ ለናታሊ ቀብቼ። ሞልቶ አደረ! ሽታውንስ? እንዲህ ያለ ሽታ በምድር ታውቃለህ?» ቀርበው አንገቱን አሸተቱት፤ ፊታቸው በራ። «አንተ! ሰሞኑን እንዲህ እንዲህ ስትለኝ እኮ ማስቲካ መስሎኝ ነበር። ለካ መልአኩ ቀድሞ አንተን ነው የነካህ!»

ወንበሮቹ ከዓብይ እጅ አመለጡ።

«ደነገጠ» አሉ ጋሽ ይመር በደስታ። ጋሽ ይመር የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት ሰብሳቢው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማንኛውም ነገር ሲሆን ማብራራት ይወዳሉ። «መደንገጥ ያለ ነው። ምልክቱን ግን ተመልከት።»

ምልክቱ እትዬ አብረኽት ነበረች፤ የወልዳይ ሚስት። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ሶፋው ላይ ተዘርግታለች። «ቀዘቀዘኝ!» ትላለች እየሳቀችም እያለቀሰችም። «ሃያ ዓመት ወለል ላይ ተንበርክኬ የነደደ ጉልበት፣ እንደ በረዶ አለልኝ!»

ናናው ነው፣ አለ ዓብይ በሆዱ። ናናው ነው የሚያቀዘቅዘው።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ሲያስመልስ ተሰማ። «ቢኒ ነው» አለች ሄርሜላ ዝቅ ብላ። ቢኒ ዘንድሮ ለትምህርት የመጣ ወጣት ነው። «እማዬ መዳፉ ላይ የቀባችውን ላሰው። አሥር ደቂቃ አልሞላም ያዘው።»

«ያዘው አይባልም፣ ለቀቀው ነው የሚባል» አሉ ጋሽ ይመር። «የያዘውማ ያልወጣው ነው።»

ዓብይ ቶሎ ቶሎ አሰላ። የቆዳውን ያጥቡታል፤ ቢኒም አንድ ሁለት ላሰ እንጂ አልጠጣም። ይተርፋሉ። ሁሉም ይተርፋሉ። ብቻ ብልቃጡን ከእማማ እጅ መውሰድ፣ ሽንት ቤት መድፋት፣ ነገ ደግሞ «ተሰወረ» ማለት። ተአምር መጥቶ ተአምር ሄደ፤ ማን ይከሳል?

ያኔ ናታሊ ሳለች።

ሳሏ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ከባርነሃገው፣ ከመዋዕለ ሕፃናቱ፣ ነው ይዛ የመጣችው። እማማ ወደ ሕፃኗ ዞሩ፤ ከሕፃኗ ወደ ብልቃጡ። «ለሷስ መቀባት አይበቃም። ሳሉ ያለው ውስጥ ነው» አሉ። «ሄርሜላ፣ የሻይ ማንኪያ አምጪ።»

«እማማ፣ ቅባት አይጠጣም!» ዓብይ ከጠበቀው በላይ ጮኸ።

«ማን አለ? ጋሽ ይመር?»

«በእምነት ከሆነ ይጠጣል።»

«ሐኪሟ፣ ፋስትለጌዋ፣ ምንም እንዳትሰጧት ብላለች!»

«መቼ?» አለች ሄርሜላ ማንኪያውን ይዛ ስትመለስ። «እኔ አይደለሁ እንዴ ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት? ማር ስጧት ነው ያለችው።»

«ቀኑ... ቀኑ አልፎበት ቢሆንስ?»

ጋሽ ይመር በኀዘን አዩት። «የተአምር ቀን ያልፍበታል፣ ዓብይ?»

አሁን ተናገር፣ አለው ልቡ። ሁለት ቃል ነው። አፉን ከፈተ። የሄርሜላን ፊት አየ፤ ስድስት ዓመት ያመነው ፊት፣ በደስታ የረጠበ። ሌላ ነገር ተናገረ።

«እኔ ልቅደም። ከሷ የባስኩ በሽተኛ እኔ ነኝ።»

«ወይኔ ልጄን!» አሉ እማማ፤ ሴቶቹም ከንፈራቸውን መጠጡ። እቅዱ ቀላል ነበር። ያጎርሱታል፣ አፉ ውስጥ ይይዘዋል፣ ሮጦ ይተፋዋል፣ ምንም አልሆንኩም ብሎ ተአምሩን ያከሽፋል። ያላሰበው አንድ ነገር እማማ ሰባት ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ያሳደጉ መሆናቸውን ነው። ማንኪያውን አፉ ውስጥ ገልብጠው፣ በአንድ እጃቸው አፍንጫውን ያዙ፣ በሌላው ጉሮሮውን ወደ ታች አሹት። «ዋጥ። ዋጥ የኔ ጌታ።»

ግማሹ ጺሙ ላይ ፈሰሰ፤ ግማሹ ወረደ።

መጀመሪያ ማንጎ ነበር። ከዚያ ብርድ። ከዚያ ጉሮሮው ውስጥ ክብሪት የተጫረ ያህል አቃጠለው። እስከ አሥር ሳይቆጥር አፉ በምራቅ ሞላ፤ ጣቶቹ ተንዘረዘሩ፤ ከጀርባው ቀዝቃዛ ላብ ወረደ። ግድግዳው ላይ ያለው ገብርኤል ከክፈፉ ወጥቶ መዞር ጀመረ። ፈረደብኝ፣ አለ ዓብይ። በጉልበቱ ወደቀና ዳቦ የቀረበበት ሰፊ ሳህን ላይ አስመለሰ።

እልልታው ሕንፃውን አናወጠው። ላይኛው ፎቅ ያለ ሰው ወለሉን መታ። እማማ እያለቀሱ ያጨበጭባሉ፤ «ወጣለት! ወጣለት!» በዚያ ሁሉ እንባ መሀል ግን እጃቸው ሥራ አልፈታም። ዓብይ በደበዘዘ ዓይኑ ሁለተኛው ማንኪያ ሲሞላ አየ። ናታሊ አያቷ ጭን ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

«ኒኮቲን ነው!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ የራሱ አይመስልም፤ ጎርናና፣ በምራቅ የታፈነ። «ቅባት አይደለም! እኔ ነኝ የሞላሁት! እኔ ነኝ!»

ሳሎኑ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጋሽ ይመር ብቻ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ። ለዚህ ቀን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲዘጋጁ የኖሩ ይመስላሉ።

«ለፈለፈ!» አሉ። «ማነህ አንተ? ስምህን ተናገር!»

«ዓብይ ነኝ!»

«እሱን አይደለም፣ አንተን! በምን ያዝከው?»

«በሲጋራ! ጋሽ ይመር፣ በእግዚአብሔር...»

«የእግዚአብሔርን ስም ጠራ፤ ተቃጥሏል ማለት ነው! ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዩኒቨርሲቲ! ልጄን ተዉአት! እንዳትሰጧት!»

«አያችሁ? ሕፃኗን ፈራት!» አለች አንዷ ከጥግ። «እንዳትድንበት ነው! ቶሎ ስጧት!»

ዓብይ በሕይወቱ ሙሉ ሲፈራ ኖሯል፤ ፍርሃት የሚያውቀው መስሎት ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ግን የሚፈራው ሁሉ እውነቱ እንዳይታወቅበት ነበር። አሁን እውነቱን በሙሉ ድምፁ ይጮኻል፤ ማንም አይሰማውም፤ በጮኸ ቁጥር ማንኪያው ወደ ልጁ አፍ ይቀርባል። ሄርሜላ እንኳ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ባሏን ሳይሆን በባሏ ውስጥ ያለውን እያየች ቆማለች።

ማሳየት፣ አለ። ማሳየት አለብኝ። ካልሲው ውስጥ እጁን ሰዶ ዕቃዋን አወጣ። ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ሳባትና ወደ አየሩ ነፋ። የወጣው ጭስ ከአፉ ሳይርቅ ጠፋ። ማንም አላየም። እንደገና ሳበ። ጎኗ ላይ ያለችው መብራት ሦስት ጊዜ ቀይ ብልጭ አለችና ሞተች።

ከሰዓት በኋላ ነበር።

ዓብይ በዚያች ሰዓት በሬውን እንደተመኘው ምንም ነገር ተመኝቶ አያውቅም። ያንን ኦፔራ የሚያለብስ ደመና፣ ያንን ጥበቃ የሚቀሰቅስ፣ ማንም ሊክደው የማይችል ጭስ። የመረጣት ግን ይህችን ነው፤ እንዳትታይ ብሎ። አልታየችም።

ከእጁ ወደቀችና ምንጣፉ ላይ ተንከባላ እትዬ አብረኽት እግር ሥር ቆመች። አብረኽት ጎንበስ ብላ አነሳቻት። ገለበጠቻት። አውራ ጣቷ የተጫረውን «ወ» ዳሰሰ።

ዓብይ ፊቷን አየ። አፏ ሊናገር ተከፈተ፤ ከዚያ ዓይኗ ወደ ጉልበቷ ወረደ። ጉልበቷ ላይ ያለው ወዝ ገና አልደረቀም። ሃያ ዓመት የነደደ ጉልበት ነው። ቀዝቅዞላታል። ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ አንዲት አሮጊት ከዳነው ጉልበቷ ተሰናበተች።

«የዓለምወርቅ» አለች። «ማንኪያውን አስቀምጪ።»

«አብረኽት፣ አሁን አትናገሪ፣ ይኸው...»

«አስቀምጪ እልሻለሁ! ይሄ የወልዳይ ነው! የባሌ! ሁለት ጊዜ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አግኝቼ ቤት ያመስኩበት ነው! የሚሞላበትም ይሸታል፤ የሱ ኮላ ኮላ፣ የዚህ ማንጎ። መርዝ ነው! ልጁ እውነቱን ነው!»

ማንኪያው የናታሊ ከንፈር ላይ ደርሷል። ልጅቱ አፏን በሰፊው ከፍታ «ማንጎ!» አለች።

ሄርሜላ እንዴት ሳሎኑን እንዳቋረጠች ማንም አላየም። ማንኪያው ግድግዳውን መታ። ብልቃጡ የእማማ ነጠላ ላይ ተደፋ። የእናቷን እጅ የመታች ልጅ፣ ቅባ ቅዱስ የደፋች ክርስቲያን ሆና፣ ልጇን ብብቷ ውስጥ ከታ ከንፈሯን በቀሚሷ ትጠርግ ጀመር። ትጠርጋለች፣ ምላሷን ታያለች፣ ዓይኗን ታያለች፣ ደግማ ትጠርጋለች። «ዋጥሽ? ንገሪኝ የኔ እናት፣ ዋጥሽ?» ናታሊ ማንጎውን ስለከለከሏት እሪ አለች። ለዓብይ ከዚያ ለቅሶ የሚበልጥ እልልታ በዚያ ቀን አልተሰማም።

ከዚያ በኋላ በሄርሜላ ውስጥ ነርሷ ተነሳች። «ሁላችሁም ግንባራችሁን በሳሙና! አሁኑኑ! ቢኒ፣ በሩን ክፈት!» አሥር ክርስቲያን በአንድ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ተሰለፈ፤ ጋሽ ይመር መቋሚያቸውን ይዘው ወረፋ ጠበቁ፤ የሚያብራሩት ነገር አልነበራቸውም። ሄርሜላ ወደ መርዝ መረጃው መስመር ደወለች። በኖርዌጂያን፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ የልጇን ዕድሜና ክብደት፣ የባሏን ዕድሜና ክብደት ተናገረች። ምን ያህል ጠንካራ ነው ብለው ሲጠይቋት ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ወደ ወለሉ አየች። ዓብይ ነገራት። እሷም ደገመችው። ሕፃኗ ስላልዋጠች ቤት ሆና እንድትጠበቅ ተባለ፤ ለቢኒም እንደዚያው። ለዓብይ አምቡላንስ ተላከ።

ሁለት የአምቡላንስ ሰዎች ዓብይን ተሽከርካሪ አልጋ ላይ አስተኝተው፣ ሸሚዙን ከፍተው ደረቱ ላይ ገመድ ያላቸው ትናንሽ ክብ ነገሮች ለጠፉ። አልጋው አጠገብ ያለችው ሣጥን ልቡን መቁጠር ጀመረች። አንዷ የጠጣበትን ዕቃ ጠየቀች፤ ሐኪም ቤት ይታያል።

ብልቃጡ እማማ የዓለምወርቅ እጅ ነበር። ከያኔ ጀምሮ አልተቀመጡም። የተደፋበትን ነጠላቸውን አውልቀው፣ በሹራብ ብቻ ቀርተው፣ አንሰው ነበር። ወደ አልጋው መጡ።

«ማነው የሞላው?» አሉ። ያወቁትን ነው የጠየቁት።

«እኔ ነኝ እማማ።»

«አሥራ አንድ ሰው ቀባሁ» አሉ። «ሕፃኗን ልገድል ነበር። በመልአኩ እጅ መስሎኝ።»

አሮጊቷ በጥፍራቸው የሥዕሉን ጫፍ ይፈልጉ ጀመር። አገኙት። ቀስ ብለው፣ ክንፉ እንዳይቀደድ፣ ገብርኤልን ከብልቃጡ ላይ ላጡት። ባዶውን፣ እርቃኑን የቀረውን ፕላስቲክ ለአምቡላንሷ ሴት ሰጡ። ሥዕሉን መዳፋቸው ላይ ይዘው ለአፍታ አሰቡ።

«ከመርዙ ጋርማ አይሄድም» አሉ። ጎንበስ ብለው ደረቱ ላይ፣ ከክብ ነገሮቹ መሀል፣ በግራ በኩል ለጠፉት፤ ሙጫው ገና ይይዝ ነበር። በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። «አንተው ተነጋገረው።»

አልጋው ወደ ሊፍቱ ተገፋ። በሩ ሊዘጋ ሲል ሄርሜላን አያት፤ ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ወደ ውስጥም አልገባችም፣ ወደ ውጭም አልወጣችም። ዓብይ ወደ ደረቱ ላለማየት ጣራውን ትኩር ብሎ አየ። ሣጥኗ ፈጠነች።

የአምቡላንሷ ሴት የሣጥኗን መስኮት ተመለከተች፤ ከዚያ ፊቱን። «አይዞህ፣ አልፏል» አለችው። «አሁን ምንድን ነው የሚያስፈራህ?»